ቦዩን ማን ይጥረግ? ለአካባቢ ቅርሶች የሚሰጥ የመንግሥት ድጎማ «ብክነት ነው» ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከረመ። ለእኔም ከተለያዩ ወዳጆች ደረሰኝ። የሚናገረው ለአካባቢ ጥንታዊ ቅርሶች ጥበቃ ስለሚሰጥ የመንግሥት ድጎማ ነው። ሐሳቡን ላልሰማችሁ በአጭሩ፦ ወረዳ፣ ደብር፣ መስጊድ ወይም የአካባቢ ማኅበር በየዓመቱ እያመለከተ ለትንንሽ የጥበቃና የጥገና ሥራ ከመንግሥት ገንዘብ ያግኝ የሚል ነው። ጸሐፊው ይህ ነገር ከነጭራሹ መታሰብ የለበትም ይላሉ። ጽሑፉ ጥሩ ሆኖ ተጽፏል። ቁጭቱም የእውነት ነው። መደምደሚያው ግን ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ዋናው ነጥባቸው፣ ሕዝብ በተቸገረበት ሀገር የመንግሥት ብር ለድንጋይ መውጣት የለበትም የሚል ነው። ቀጥለው ዋጋ ያለው ቅርስ በቲኬት ራሱን ያስተዳድራል፤ ካልቻለ ግን ያን ያህል የሚፈለግ አይደለም ማለት ነው ይላሉ። ሦስተኛ፣ የውጭ መንግሥታትና ድርጅቶች ሊከፍሉ ፈቃደኛ እስከሆኑ ድረስ እኛ ኪሳችንን የምንዳብስበት ምክንያት የለም። አራተኛ፣ እስካሁን የተደረጉት ጥገናዎች ከጥቅማቸው ጉዳታቸው ስላመዘነ አለመንካት ይሻላል። በመጨረሻም ወደ ወረዳ የሚወርድ ገንዘብ በአበል አልቆ ይቀራል። በመሃል ደግሞ ቅርሶቹን በዲጂታል ቀድቶ ማስቀመጥ ይበቃል የሚል አንድ አንቀጽ አለ።

ከዋናው ልጀምር። ሰው ከድንጋይ ይቀድማል። ክረምቱን በመጠለያ ድንኳን የሚገፋ ቤተሰብ ባለበት ሀገር ስለ ፈረሰ ግንብ ማውራት ያሳቅቃል። ይህን ስሜት እጋራዋለሁ። ግን ጽሑፉ አንድ ነገር ሳያሳይ ያልፋል። ለቅርስ ያልወጣው ብር ወደዚያ ድንኳን ይሄዳል ወይ? ለአብዛኞቹ የገጠር ቅርሶች እስከዛሬ እዚህ ግባ የሚባል በጀት አልነበረም። ያ ያልወጣ ገንዘብ ለተቸገረ ሰው ሲደርስ አላየንም። በጀት ውስጥ ብዙ ነገር ይፎካከራል። መኪና አለ፣ ስብሰባ አለ፣ የበዓል ዝግጅት አለ። ከዚህ ሁሉ መካከል ከድሃው ጉሮሮ የሚነጥቀው የአንድ ጥበቃ ደመወዝና የአንድ ቦይ ጠራጊ ቀን አበል ነው ማለት ልክ አይመጣም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? ለድሃውም ለግንቡም ይበቃል፤ የሚጎድለው ቅደም ተከተል ነው።

ሌላም አለ። ትምህርት ቤት ዘንድሮ ሳይሠራ ቢቀር ለዘንድሮ ልጆች ትልቅ ጉዳት ነው። ለከርሞ ግን ሊሠራ ይችላል። ዐፄ ሱስንዮስ ደንቀዝ ላይ ያሠሩት ቤተ መንግሥት ግድግዳ ዘንድሮ ከወደቀ ለከርሞ የሚመልሰው በጀት የለም። ድንጋዩን መልሶ መደርደር ይቻላል። ያ ግን የእኛ ግንብ እንጂ የሱስንዮስ አይሆንም። ደንቀዝ ከፋሲል ግቢ ይቀድማል። በጣና ዙሪያ በኖራ የመገንባት ጥበብ እንዴት እንዳደገ ከሚነግሩን ምስክሮች አንዱ እሱ ነው፤ ጎርጎራ ያለው የማርያም ግንብ ፍርስራሽም ሌላው ነው። የጎንደርን ግንቦች ከየት መጡ ብሎ የሚጠይቅ ሰው እነዚህን ዘሎ መልስ አያገኝም።

የጌዴኦን ትክል ድንጋዮች ደግሞ ተመልከቱ። ለረጅም ጊዜ ወደ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ እንዳላቸው ይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ግን ሳካሮ ሶዶ የተባለውን ሥፍራ ወደ መጀመሪያው ክፍለ ዘመን መለሰው። በአንድ ጥናት የአንድ ሺህ ዓመት ታሪክ ተጨመረልን ማለት ነው። ይህ የተገኘው ቦታው ስለነበረ፣ ተቆፍሮ ሊጠና የሚችል አፈር ስለተረፈ ነው። ድንጋዮቹ ተነቅለው ለአጥርና ለቤት መሠረት ውለው ቢሆን ኖሮ የሚጠና ነገር አይኖርም ነበር። እንግዲህ ስንት ሌላ ሥፍራ ላይ ገና ያልተነበበ ነገር ተቀብሯል? ጸሐፊው «ድንጋይ» ያሉት ነገር ውስጥ ይህም አለ።

ሁለተኛውን ነጥብ፣ የቲኬቱን፣ ሲጽፉ ላሊበላን እያሰቡ የነበረ ይመስለኛል። አብዛኛው ቅርሳችን ግን ላሊበላን አይመስልም። የጢያ ትክል ድንጋዮች 36 ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ አጥርና በር አላቸው። ነገር ግን በዚያው በጉራጌ ሶዶ አካባቢ እስካሁን የታወቁት የአርኪዮሎጂ ሥፍራዎች ወደ 160 ይጠጋሉ። ለአንዱ በር ተሠራለት። የቀሩት ማሳና ግጦሽ መካከል ናቸው። ጌዴኦ ውስጥ ጨልባ ቱቲቲ ከአንድ ሺህ በላይ ትክል ድንጋይ ያለበት ሥፍራ ነው። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው፤ ገና ትናንት። በዞኑ ብዙ ድንጋዮች የቆሙት በቡናና በእንሰት መካከል ነው። ቲኬት ቆራጩ የት ይቁም? ድንጋዩን ሳይነቅል ዙሪያውን የሚያርሰው ገበሬ ለሁላችንም ውለታ እየዋለ ነው። ለዚህ ውለታው እስከዛሬ ምን ከፈልነው? ምንም። ቲኬት የማይሸጥ ቅርስ አይረባም ከተባለ፣ ያ ገበሬ ነገ ድንጋዩን ቢነቅል በምን አፋችን እንወቅሰዋለን?

ቲኬት የሚሸጡትም ቢሆኑ አስተማማኝ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና መጣ። በ2021 ጦርነቱ ላሊበላ ከተማ ድረስ ገባ። ሆቴሉ ተዘጋ፣ አስጎብኚው ሥራ ፈታ፣ ቤተ ክርስቲያኑም ከጎብኚ የሚያገኘውን አጣ። ዝናቡ ግን አንድም ክረምት አልቀረም። የጥበቃ ሥራ በጎብኚ ብዛት ላይ ከተንጠለጠለ፣ ጥገናው የሚቋረጠው ልክ ሀገር በምትታመምበት ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እቀበላቸዋለሁ። ገቢ ያለው ቅርስ ከገቢው የተወሰነውን ለጥበቃ ማዋል፣ ያዋለውንም በግልጽ ማሳወቅ አለበት። ይህ በብዙ ቦታ አይደረግም። ድጎማ የሚሰጠውም እንዲህ ያለውን ግዴታ ለሚወጣ ቢሆን ጥሩ ነው። ሕጉም በዚህ መንፈስ የተጻፈ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ባለቤቱ ቅርሱን በራሱ ወጪ እንዲጠብቅ ያዛል። ወጪው ከአቅሙ በላይ ሲሆን ግን መንግሥት የተወሰነውን ሊሸፍን እንደሚችል ይላል። ስለዚህ ድጎማው አዲስ ፈጠራ አይደለም። ከተጻፈ ሩብ ምዕተ ዓመት ያለፈው ሐሳብ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 ታሪካዊና ባህላዊ ቅርሶችን የመንከባከብን ኃላፊነት ለመንግሥት ሰጥቷል።

ወደ ውጭ ገንዘብ እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው በዚህ ነጥብ የተስማማ ይመስለኛል።

የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. በ2005 ከሮም ተመልሶ በ2008 ሲቆም ወጪውን የሸፈነችው ጣሊያን ናት። ይሄ ችሮታ አልነበረም፤ የወሰደ ይመልሳል። የይምርሐነ ክርስቶስ ጥገና በአሜሪካ ኤምባሲ ገንዘብ ተደግፏል። የአልነጃሺ መስጊድ በቱርክ ዕርዳታ ታድሶ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ ጎዳው። የሓ ላይ ለዓመታት የሠሩት የጀርመን አርኪዮሎጂስቶች ናቸው። ለሁሉም ምስጋና ይገባቸዋል። ግን ዝርዝሩን ልብ ብላችሁ እዩት። ሁሉም ስማቸው የገነነ ቦታዎች ናቸው። ለደንቀዝ የመጣ ኤምባሲ አለ? በሶዶ ማሳ ውስጥ ላጋደለ ድንጋይ ፕሮጀክት የሚቀርጽ ማነው?

ፕሮጀክት ደግሞ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። ምረቃ ይደረጋል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ባለሙያዎቹ ወደ ሀገራቸው ይሄዳሉ። ቦይ ግን በየዓመቱ ይደፈናል። ሥር በየዓመቱ ይበቅላል። ለምረቃ የሚሆን ገንዘብ የሚሰጥ ብዙ ነው፤ ለአካፋና ለዶማ የሚሰጥ ግን አይገኝም። ለጋሹም በራሱ ሀገር ፖለቲካ ይታዘዛል። እ.ኤ.አ. በ2025 ዩኤስኤይድ ሲዘጋ የጤና ሥራችን ሳይቀር ምን ያህል እንደተናጋ አይተናል። ለመድኃኒት ያልተራራ ውሳኔ ለፍርስራሽ ይራራል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ከሁሉም በላይ የውጭ ገንዘብ የሚመጣው ከመሸ ነው። ላሊበላን እንመልከት። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የተፈለፈሉት የውሃ ማስወገጃ ቦዮች ለዘመናት በአፈር ተሞልተው ነበር። የተጠረጉት ባለፈው ክፍለ ዘመን ነው። የመሬት መንቀጥቀጥም አዛብቷቸዋል። የዩኔስኮ መዝገብ ራሱ ሕንፃዎቹን ክፉኛ የጎዳው በዚህ ምክንያት የገባው ውሃ እንደሆነ ይናገራል። ቦይ! የቀደሙት ጠራቢዎች ውሃው የት እንደሚሄድ ጠንቅቀው አውቀው ሠርተውት ነበር። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ግዙፎቹ የብረት መጠለያዎች ቆሙ። ለጊዜው ተብለው ነበር። ዓመታት አለፉ፤ መጠለያዎቹ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የከተማው ሰው ክብደታቸው ያሰጋናል፣ ይነሱልን ብሎ አደባባይ ወጣ። መጠለያው ዝናቡን አልከለከለም አልልም፤ ከልክሏል። ግን የቅርሱ ባለቤት የሆነው ሕዝብ ስለ ራሱ ቤተ ክርስቲያን የሚያቀርበውን ጥያቄ ወደ ውጭ ሀገር እያንጋጠጠ እንዲጠይቅ ሆነ። በየዓመቱ ቦይ የሚያስጠርግ ገንዘብ በጊዜው ቢኖር ኖሮ መጠለያ ባላስፈለገ ነበር ብዬ አልምልም፤ የድንጋዩ ተፈጥሮ ራሱ ደካማ ነው። ጉዳቱ ግን በዚህ ደረጃ ባልደረሰ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይኸው ነው።

አራተኛው ነጥብ ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ ምክንያቱም ጸሐፊው የጠቀሷቸው ጉዳቶች እውነት ናቸው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በላሊበላ ሬንጅና ቀይ ቀለም ተቀብቶ ነበር። በ1960ዎቹ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የመሩት ቡድን ያንን ለማንሳት ብዙ ደከመ። በጎንደር ግንቦችም በወረራው ዘመን ሲሚንቶ ገብቶባቸዋል። ሲሚንቶ ከአሮጌው ድንጋይና ከኖራው ይበልጥ ይጠነክራል። እርጥበትም አያስወጣም። ግድግዳው ውስጥ የገባው ውሃ መውጫ ሲያጣ በድንጋዩ በኩል ጨው ይዞ ይወጣል፤ ድንጋዩም ይላላጣል። ኖራ ግን እርጥበቱን ያሳልፋል። ሲያረጅም የሚጎዳው ኖራው ነው፤ ድንጋዩ ይተርፋል። ኖራውን መቀየር ይቻላል። ድንጋዩን አይቻልም። ስለዚህ «በሲሚንቶ ከሚነካ ባይነካ ይሻላል» ሲሉ ብዙ ባለሙያ ይስማማል። እኔም እስማማለሁ።

ያልተስማማሁት ከዚህ በኋላ ባለው ነው። ጸሐፊው ድጎማ ከሌለ ቅርሱ ሳይነካ ይቀመጣል ብለው ያስባሉ። አይቀመጥም። ጣሪያው የሚያፈስ ደብር ዝም ብሎ አይጠብቅም። ምእመኑ ያዋጣል፤ በአቅራቢያ ያለ ግንበኛ ይጠራል፤ ግንበኛው የሚያውቀውን ያደርጋል። የሚያውቀው ሲሚንቶና ቆርቆሮ ነው። አሮጌው ሥዕል ላይ የዘይት ቀለም ይቀባል፣ ያረጀው የእንጨት በር ወጥቶ የላሜራ በር ይገጠማል። ይህን የሚያደርጉት ሰዎች ቅርሱን የሚጠሉ አይደሉም። በጣም የሚወዱት ናቸው። ትክክለኛውን ለመሥራት ግን ገንዘቡም ባለሙያውም የላቸውም። ሕጉ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ማንም ቅርስ እንዳይጠግን ይከለክላል። በተግባር ግን ባለሥልጣኑ ለደብሩ የሚሰጠው ነገር ሳይኖረው ፈቃድ ጠይቁ ቢል ማን ይሰማዋል?

ድጎማ ይህን ይቀይራል። ገንዘቡ ሁኔታ ይዞ ይመጣል። ሲሚንቶ የለም፣ ኖራ ነው። ከሥራው በፊትና በኋላ ፎቶ ይነሳል። የሠለጠነ ሰው መጥቶ ያያል። ያለ ድጎማ ቁጥጥሩ ወረቀት ላይ ይቀራል፤ ድጎማ ሲኖር ግን ደብሩ ራሱ ፈቃድ ፈልጎ ይመጣል። በዚያ ላይ ኖራ አቃጥሎ፣ አብላልቶ፣ በትክክል መለሰን የሚችል ግንበኛ እየጠፋ ነው። ሥራ ከሌለ ሙያ አይወረስም። በየዓመቱ ትንሽም ቢሆን የማይቋረጥ ሥራ ካለ ግን ወጣት ይማራል። ትልቅ ፕሮጀክት በአሥር ዓመት አንዴ ሲመጣ የሚያስፈልገውም ይኸው ሰው ነው።

ስለ ዲጂታሉ ብዙ አልልም። መቅዳቱ ጥሩ ነው። የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ለክተው መዝግበዋል፤ ይህ ነገ ለጥገና የሚጠቅም ትልቅ ሥራ ነው። ግን በገና ዋዜማ ከሩቅ በእግሩ የመጣው ምእመን የሚሳለመው ምስል አይደለም። ከምስል ሥር አፈር ተቆፍሮ ዕድሜ አይለካም።

አሁን አበል። እዚህ ጸሐፊው የጻፉትን አንድም ቃል አልሰርዝም። ለሁለት ቀን ሥራ የአምስት ቀን ውሎ አበል ሲሞላ ሁላችንም አይተናል። «የልምድ ልውውጥ» ተብሎ በጀቱ መንገድ ላይ ሲቀር አይተናል። የወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ብዙ ጊዜ ደመወዝ አለው፣ ሥራ ማስኬጃ ግን የለውም፤ ስለዚህ ትንሽ ብር ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ጉዞ ነው። ችግሩ አለ።

መፍትሔው ግን ገንዘቡን ማዕከል ላይ ማስቀረት ነው? ከአዲስ አበባ ተነስቶ አንድ ቦይ ለማየት የሚሄድ ቡድን መኪና፣ ነዳጅና ሾፌር ያስፈልገዋል፤ አበሉ እዚያም አለ፣ እንዲያውም ይበዛል። ይልቅ ድጎማው ራሱ አበል እንዳይከፈልበት ተደርጎ ይሠራ። ገንዘቡ ለቁሳቁስና ለጉልበት ብቻ ይሁን፤ ለስብሰባና ለሥልጠና አንድ ብር አይኑርበት። በሁለት ዙር ይለቀቅ፤ ሁለተኛው የሚለቀቀው የመጀመሪያው ሥራ በፎቶ ሲረጋገጥ ብቻ ይሁን። ስንት ብር መጣ፣ ለማን ተከፈለ የሚለው በቀበሌው ሰሌዳና በደብሩ ወይም በመስጊዱ በር ይለጠፍ። የሀገራችን ሰው የዕድር ሂሳብ ሲጓደል ዝም እንደማይል እናውቃለን። አንድ ሺህ ብር ብትጠፋ ቁጭ አድርጎ ይጠይቃል። ያ ሕዝብ ለራሱ ግንብ የመጣውን ገንዘብ ቢያውቅ አይቆጣጠርም ማለት አይቻልም፤ እስከዛሬ ያልተቆጣጠረው ስላልተነገረው ነው። ማዕከሉ ደግሞ የሚችለውን ይሥራ። መስፈርት ያውጣ፣ ባለሙያ ይላክ፣ ኦዲት ያድርግ።

ሁሉንም ማዳን እንደማይቻልም እቀበላለሁ። ከ160 ሥፍራ ዘንድሮ አሥሩን ከጠበቅን ትልቅ ነገር ነው። መምረጥ ግድ ይላል፣ ምርጫውም ያከራክራል። ቢያንስ ግን ክርክሩ በመዝገብ ላይ ይሁን፤ የት ምን እንዳለ፣ በምን ሁኔታ እንዳለ ይታወቅ። የመጀመሪያው ዓመት ድጎማ ለምዝገባ ብቻ ቢውል እንኳ አልቃወምም።

ጸሐፊው ያላነሱት፣ ከአበሉ እኩል የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ልጨምር። የበጀት ዓመታችን የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ሐምሌ ለብዙው ሀገር የክረምት ልብ ነው። በጀት ጸድቆ፣ ደብዳቤ ተጽፎ፣ ግዥ ተፈጽሞ ገንዘቡ ወረዳ ሲደርስ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ይሆናል። ከዚያ መጓተት ይመጣና ግንቦት መጨረሻ ላይ «በጀት ሊዘጋ ነው» ተብሎ ይጣደፋል። ዝናብ ሊጀምር ሲል የተለሰነ ኖራ ሳይደርቅ ይታጠባል። ጌዴኦማ የበልግ ዝናብ ስላለ ከዚያም ቀድሞ መጠናቀቅ አለበት። ስለዚህ ማመልከቻው ሚያዝያ ላይ ተሰብስቦ፣ ምርጫው እስከ ሰኔ አልቆ፣ ብሩ መስከረም ላይ መለቀቅ አለበት። የኖራው ሥራ ከጥቅምት እስከ ጥር ይሠራ። የቦዩ ጠረጋ ክረምት ከመግባቱ በፊት ስለሚደረግ ለእሱ የሚሆነው ብር በጀት ሲዘጋ የማይመለስ ይሁን። ይህ እንዲሆን የገንዘብ ሚኒስቴር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሊጠየቅ የሚገባውም አሁን ነው። ጸሐፊው ለአበል ያላቸውን ንቁ ዓይን ይዘው በዚህ ዝርዝር ላይ ቢጽፉ ማንበብ እፈልጋለሁ።